«አስከፍዪኝ» ያሉኝ አናጢ

ጋሽ ተማም ማረፋቸውን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከጅማ መርካቶ ወደ ቢሮ ሲያደርሰኝ፣ መልስ ለመስጠት ኪሱን እየፈተሸ፣ «ያ በአንድ ሚሊ ሳትክ የሚሉት አናጢ አረፉ እኮ፤ ትናንት ቀብረናቸው መጣን» አለኝ። መልሱን ሳልቀበለው ወረድኩ። ቢሮ ገብቼ ስናገር አንዷ ባልደረባዬ «ውይ፣ ያ ግብር ጻፉብኝ እያሉ የሚጣሉን ሽማግሌ?» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው በሳቋ አፍራ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም መሳቅና ማልቀሱ ተምታታብኝ። ጋሽ ተማምን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሞታቸውን እንዲህ የሰማው ይመስለኛል።

እኔ የግብር ሠራተኛ ነኝ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። ሱቁ በሳምንት አንድ ኪሎ ስኳር ብቻ እንደሚሸጥ የሚምል አለ። አምስት ክፍል አከራይቶ «ሁሉም የአክስቴ ልጆች ናቸው» የሚል አለ፤ የአክስት ልጆች ቁጥር በጅማ ከተማ ሐምሌ ሲመጣ እንዴት እንደሚበዛ የምናውቀው እኛ ነን። ግብር አስከፍዪኝ ብሎ ግማሽ ቀን የተሟገተኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ ተማም የእህል ጋሪዎች ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ፣ በመርካቶ ጠርዝ ላይ ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራሉ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከዋንዛ ባለሦስት እግር በርጩማ ይጠርባሉ። እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ ወርዶ አያውቅም። ለሶላት ሲሰግዱ እየወደቀ ከጎናቸው ያለውን ሰው ያስደነግጥ ነበር ይባላል። ሰው ሲሳሳት የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «በአንድ ሚሊ ነው የሳትከው።» ስህተቱ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ከሁለት ሚሊ አልፎ አያውቅም። አንድ ደንበኛ ያሠራው አልጋ በበሩ አልገባ ብሎ ቢጣላቸው፣ ለካ ሰውዬው ለክቶ ያመጣው የጎረቤቱን በር ነበር። ያንን እንኳን «ሁለት ሚሊ» ብለው ነው ያለፉት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ውሸት ሲናገሩ መዳፋቸውን እፍ ይላሉ። ሰጋቱራ የሚያራግፉ ይመስላሉ፤ እጃቸው ታጥቦ የጸዳ ቢሆንም እፍ ይላሉ። «አልጋው ሐሙስ ይደርሳል» ብለው እፍ ካሉ፣ የቆየ ደንበኛ የሚመጣው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ውሸታቸው ሁሉ እንዲህ ከአልጋና ከሐሙስ የማያልፍ ነበር፤ ከአንዱ በቀር።

ያ አንዱ ውሸት የታናሽ እህታቸው የራድያ ቤት ነው።

ራድያን ልጅ ሳለች ፖሊዮ ይዟት ሁለቱ እግሮቿ አይሸከሟትም። ልብስ ሰፊ ናት፤ በእጅ በሚዞር መኪና ትሰፋለች፤ ምላሷ ደግሞ ከመቀሷ ይስላል። እናታቸው ካረፉ በኋላ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሸቤ፣ እናቷ ቤት፣ ብቻዋን ቀረች። ያ ቤት ከመንገዱ ከፍ ብሎ ያለ ሲሆን የሚወጣው ከአፈር በተቆረጠ ደረጃ ነው። አንድ ክረምት ከደረጃው ላይ ተንሸራታ ወደቀች፤ ጎረቤት ጩኸቷን እስኪሰማ ድረስ ዝናቡ እየወረደባት ጭቃው ውስጥ ቆየች። ጋሽ ተማም ይህን ሲሰሙ በማግስቱ ሸቤ ሄደው ይዘዋት መጡ።

ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው ግቢያቸው ውስጥ ባለሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ነበራቸው። በሮቹን ለዊልቸር አሰፉ፤ መስኮቱን ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ዝቅ አደረጉ፤ ከደጃፉ እስከ ግቢው በር ድረስ ያለ ደረጃ የሚያስኬድ መወጣጫ ሠሩ። ራድያ ቤቱን ዞራ አየችና «ኪራዩ ስንት ነው?» አለች።

ጋሽ ተማም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ እኔ ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ። በነፃ የምኖርበት ቤት ከሆነ ዛሬውኑ ሸቤ መልሰኝ። ወላሂ አንድ ሌሊት አላድርበትም።»

ራድያ ወላሂ ካለች አለች ነው። ሸቤ ማለት ደግሞ ያ የአፈር ደረጃ ነው። ስለዚህ ጋሽ ተማም ኪራይ ቆረጡላት፤ ውል ተጻፈ። ደረሰኝ ካላገኘሁ አልከፍልም ስትል ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የደረሰኝ ጥራዝ ገዙ። በየወሩ በአናጢ እርሳስ እየጻፉ፣ እየፈረሙ ሰጧት፤ እሷም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እየደረደረች አስቀመጠች።

እኔ ነገሩ ውስጥ የገባሁት ቤት ለቤት እየዞርን የሚከራዩ ቤቶችን ስንመዘግብ ነው። ግቢያቸው ገብቼ፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ «እነዚህ ሁለት ክፍሎች ተከራይተዋል?» አልኳቸው። ጋሽ ተማም ወዲያና ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እሱ ነገር…» ብለው ጀመሩ። ሳይጨርሱት በዚያ ዝቅ ባለ መስኮት አንድ ድምፅ ወጣ።

«ተከራይ ነኝ!»

ቀጥላም «የመንግሥት ልጅ ነሽ? ነይ ግቢ። እዚህ ቤት ወረቀት የለም የሚባል ነገር የለም» አለችኝ። ቆርቆሮዋን ከፍታ ደረሰኞቹን በወር በወራቸው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ የተሟላ ሰነድ ከአንድም ነጋዴ አግኝቼ አላውቅም። ጋሽ ተማም ከኋላዋ ቆመው በዓይናቸው ይለምኑኛል፤ ምን እንደሚለምኑኝ ግን አልገባኝም።

«በየወሩ ትከፍልዎታለች?» አልኳቸው።

«ኤዬ፣ ትከፍላለች» አሉና መዳፋቸውን እፍ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ መጥተው ነገሩን አጫወቱኝ። ገንዘቡን ከእህታቸው ይቀበላሉ፤ ለራሳቸው ግን አንድ ሳንቲም አያስቀሩም። የት እንደሚያደርጉት ግን ያን ቀን አልነገሩኝም። እኔም ሥራ አዋቂ ሆኜ ደስ እያለኝ «ጋሽ ተማም፣ እንዲህ ከሆነማ ግብር የለብዎትም እኮ» አልኳቸው። አካል ጉዳተኛ ዘመዳቸውን ያለ ኪራይ የሚያኖሩ ሰው ያላገኙት ኪራይ ግብር አይጣልበትም፤ በቢሯችን አሠራር የሚያስፈልገው አንድ ቅጽ ብቻ ነው፤ እሱንም የምትፈርመው ኗሪዋ ራሷ ናት።

«ምን ብላ ነው የምትፈርመው?»

አነበብኩላቸው። «ከቤቱ ባለቤት ጋር ባለኝ ዝምድና ምክንያት ያለ ኪራይ የምኖር መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

ጋሽ ተማም ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

«ማሎ ልጄ፣ እባክሽ ይሄ ወረቀት እሷ እጅ እንዳይገባ። ያነበበችው ዕለት ሸቤ ናት። አስከፍዪኝ።»

«እንዴት ሆኖ? ደግሞኮ የጻፉት ኪራይ ከሰፈሩ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። የግምት ኮሚቴው አያምንዎትም፤ በጎረቤቶችዎ ኪራይ ልክ ነው የሚገምተው። ባላገኙት ገንዘብ ላይ፣ ያውም በእጥፉ፣ ግብር ሊከፍሉ ነው።»

«ይሁን፤ አስከፍዪኝ።»

«አግባብ አይደለም እኮ!»

«አንቺ ደግሞ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሰውን ሁሉ ክፈል ክፈል ስትዪ ትውያለሽ፤ እኔን አትክፈል ብለሽ ልትጣዪኝ ነው?»

ከኋላቸው የተሰለፈ አንድ ቡና ነጋዴ አንገቱን አስግጎ «እትዬ፣ የእኔንም ለእሳቸው ጻፊላቸው» አለ። ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ቀን ሞኝ መስለውኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ጃንጥላቸውን ደጅ አራግፈው፣ መጀመሪያ ከሚከፍሉት ጋር ይመጣሉ። እኔ ቅጹን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ዝም ብዬ አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸው ዝም ብለው ይገለብጡታል። ይህ ሰላምታችን ሆኖ ቀረ።

ሲቆጡ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የግምት ኮሚቴው ግቢያቸው ሄዶ የራድያን መወጣጫ «በረንዳ» ብሎ መዝግቦት፣ የቤቱ ግምት በዚያ ምክንያት ከፍ ብሎ ነበር። ጋሽ ተማም ወረቀቱን ይዘው እየሮጡ መጡ። የተጨመረው ገንዘብ የከነከናቸው መስሎኝ «አይዞዎት፣ ይቀነስልዎታል» ብላቸው የባሰ ጋሉ።

«ስለ ገንዘቡ ማን አነሳ? በረንዳ ማለት ሰው ተቀምጦ ጫት የሚቅምበት ነው! ይሄ መንገድ ነው! የእህቴ መንገድ ነው! ሰርዢና መንገድ በዪ።»

መንገድ ግምት ስለሌለው የተጨመረው ግብርም አብሮ ተሰረዘ። ይህንን ስነግራቸው ግራ ተጋብተው «እንግዲህ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ሄዱ።

የዚያኑ ዕለት ሲወጡ፣ ክራንች የያዘ አንድ ሽማግሌ የቢሯችንን ደረጃ በመቀመጫው እየተሳበ ሲወጣ አዩ። በሳምንቱ ጠንካራ የእንጨት መወጣጫ በጋሪ አስጭነው መጡ። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ደንገጥ አለ። ስጦታ ለመቀበል ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ተረካቢ ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴውን የሚያቋቁመው ሰው ደግሞ ስብሰባ ሄዷል።

«ስጦታ ካልሆነላችሁ ተከራዩኛ!» አሉ ጋሽ ተማም። «በዚህ እንኳ ልምድ አለኝ።»

የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መወጣጫው ከዘበኛው ቤት ጀርባ ተደግፎ ኮሚቴውን ሲጠብቅ ኖረ።

አሁን የኪራዩ ገንዘብ የት ይሄድ እንደነበር ልንገራችሁ። ጋሽ ተማም ከራድያ ኪራይ በተቀበሉ ቁጥር ገንዘቡን ይዘው መርካቶ፣ አወል ወደሚባል የጨርቅ ነጋዴ ይሄዳሉ። አወል ደግሞ ራድያ ክርና ጨርቅ ልትገዛ ስትመጣ በዚያው ልክ ይቀንስላታል። ለዚህ ነበር ራድያ መርካቶን የሚያንቀጠቅጥ ተከራካሪ መሆኗን ያመነችው። ባጃጇን ሱቁ በር ላይ አስቁማ፣ ሳትወርድ፣ የተጠራውን ዋጋ ግማሽ ትጠራለች። አወል ራሱን ይይዛል፤ «ገደልሽኝ፣ ልጆቼን ምን ላብላ» ይላል፤ ቀስ በቀስ ይሸነፋል። እሷም ወደ ቤት ስትመለስ «ነጋዴ ማለት ዓይኑን አይተሽ ነው፤ ዓይኑን!» እያለች ለጎረቤት ታስተምራለች።

ችግሩ ዝናዋ ወጣ። የቦሳ አዲስ ሴቶች ተራ በተራ «ራድያ፣ ተከራከሪልኝ» ይሏት ጀመር። ላንዷ የልጆች ዩኒፎርም ጨርቅ፣ ላንዷ አቡጀዲ፣ ላንዷ የአልጋ ልብስ። አወል የሚያደርገው ቢጠፋው ጋሽ ተማም ጋ ሄዶ «ጋሼ፣ ይሄማ ሱቄን መዝጋቴ ነው» አላቸው። ጋሽ ተማም ራሳቸውን እያከኩ አሰቡና ልዩነቱን በእጃቸው ሥራ ሊሞሉለት ተስማሙ። ዛሬ መርካቶ ብትሄዱ፣ የአወል ሱቅ ያለውን ያህል የሚያምር መደርደሪያ የትም አታገኙም። ከዋንዛ የተሠራ ነው፤ እስከ ጣሪያው ይደርሳል። ሁሉም በራድያ ክርክር የተሠራ ነው።

እኔም ከበሉት ውስጥ ነኝ። ራድያ አንድ ቀን «አንቺ የመንግሥት ልጅ፣ ቤትሽ መጋረጃ የለውም አሉ» ብላ ይዛኝ ሄዳ ድንቅ ጨርቅ በውኃ ዋጋ አስገዛችኝ። ምስጢሩ የገባኝ በኋላ፣ ጋሽ ተማም የአወልን መደርደሪያ ሲገጥሙ ደርሼ ነው። አፍሬ ልዩነቱን ልክፈል ብላቸው እጄን መለሱት። «በአንድ ሚሊ ነው የሳትሽው» አሉኝ። «ባትገዢ ኖሮ ትጠረጥር ነበር። ደግሞ አየሻት? ስትከራከር እኮ ከእኔና ካንቺ ትረዝማለች።»

እሳቸውን እንደ ሞኝ ማየቴን የተውኩት ያን ዕለት ነው።

ካረፉ በኋላ ለለቅሶ ሄጄ ራድያን አገኘኋት። በዚያ ዝቅ ባለ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ባለቤታቸው ዘይነባ «የዚህ ወር ኪራዬን ለማን ልስጥ ትለኛለች፤ ምን ልበላት?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ውሸቱ ባለቤቱን አጥቶ ነበር፤ እንደ እሳቸው እፍ ብሎ የሚዋሽላት ሰው አልነበረም። ከአሁን አሁን ሸቤ ሄደች ይሉኛል እያልኩ ፈራሁ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ጠዋት ዘበኛችን መጥቶ «አንዲት ሴትዮ ባጃጅ ውስጥ ሆና ትጠራሻለች» አለኝ። ስወጣ ራድያ ናት። የብስኩት ቆርቆሮዋን ታቅፋለች። ደረጃውን አየችው፤ እኔም አየሁት። ዘበኛው ማንንም ሳይጠይቅ ከቤቱ ጀርባ ሄዶ፣ ያንን መወጣጫ እየጎተተ አምጥቶ ደረጃው ላይ ጣለው። ተረካቢ ኮሚቴው እስከዚያች ቀን አልተቋቋመም ነበር። ራድያ ከባጃጁ ወደ ዊልቸሯ ተሻገረችና ከመውጣቷ በፊት ጎንበስ ብላ የእንጨቱን ጠርዝ ዳሰሰች።

«በሱ መላጊያ የተላገ ነው» አለች። ከዚያ ማንም ሳይገፋት ወጣች።

ጠረጴዛዬ አጠገብ እንደደረሰች ሰላምታ አላስጨረሰችኝም።

«አወል ጋ ሄጄ ነበር። ዋጋ ጠራ፤ እኔም እንደ ልማዴ ግማሹን ጠራሁ። ምነው አወል፣ ራስህን አትይዝም ወይ ስለው ስቅስቅ ብሎ እያለቀሰ ሁሉንም ነገረኝ። ያ ሁሉ መደርደሪያ ከኋላው ቆሞ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መርካቶን አንበረከክሁ ስል፣ ለካ ከወንድሜ ጋር ነው የምከራከረው። አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ ራድያ።»

«መጋረጃሽም?»

«መጋረጃዬም።»

የምትሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ዓይኖቿ ሞሉ። «ያቺ ምስኪን ዘይነባ የግብሩን ወረቀት ይዛ ስታለቅስ አገኘኋት» አለች። «የሚፈረም ቅጽ አለ ብላኛለች። አምጪው።»

ከመሳቢያዬ አወጣሁት። ጠርዙ ከመገልበጥ ብዛት ተልጧል። ከመስጠቴ በፊት ግን አላስቻለኝም።

«ፈርመሽ ወደ ሸቤ ልትሄጂ ነው?»

«የት አባቴ እሄዳለሁ?» አለች። «መስኮቱን በተቀመጥኩበት ልክ ሠርቶልኝ?»

ቅጹን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሰልፈኛው እየሰማ አነበበችው። «ከቤቱ ባለቤት ጋር ባለኝ ዝምድና ምክንያት ያለ ኪራይ የምኖር መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ዝምድና የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። ከዚያ ፈረመች። ጋሽ ተማም ዘጠኝ ዓመት ከእጇ ሲደብቁት የኖሩትን ወረቀት፣ እሷ በደቂቃ ውስጥ ጨርሳ መለሰችልኝ።

«ደረሰኝስ?» አለችኝ።

«ይህ ቅጽ ደረሰኝ የለውም።»

«ጋሼ ያለ ደረሰኝ ሸኝቶኝ አያውቅም።»

ባዶ ወረቀት ሳብኩና «ከራድያ አንድ ፊርማ ተቀብያለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን ጨምሬ ፈረምኩበት። ማኅተም አልመታሁበትም፤ የሚመታበት ዓይነት ወረቀት አልነበረም። ተቀብላ አነበበችው፤ ከዚያ አንገቷን አቅንታ የተከፈተ መዳፌን ትክ ብላ አየች።

«እሱ ደረሰኝ በሰጠኝ ቁጥር መዳፉን እፍ ይል ነበር» አለች። «ሰጋቱራ ይመስለኝ ነበር።»

ወረቀቱን አጥፋ ከሌሎቹ ደረሰኞች በላይ አኖረች፤ ቆርቆሮውን ዘግታ በወንድሟ መወጣጫ ቀስ ብላ ወረደች።